ካልሲውን ያስዋጥነው እኛ ነን፦ ቡችላ ዕቃ መስረቅና መዋጥ ለምን ይለምዳል፣ እንዴትስ ይተዋል?

ፉሪ ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ሰፈሩ ገና እየተሠራ ነው። ግማሹ ቤት ሰው ገብቶበታል፤ ግማሹ ብሎኬት ላይ ቆሟል። ማታ ጅብ ይጮኻል። ስለዚህ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እኛም ቡችላ አመጣን። ልጆቹ ቡቺ አሉት።

ቡቺ አራት ወር እንደሞላው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የትንሹን ልጄን ካልሲ በአፉ አንጠልጥሎ ሮጠ። ልጆቹ እየጮሁ ተከተሉት። ባለቤቴ የጓዳውን በር ዘጋችበት። እኔ ከሶፋው ጥግ አጣብቄ ያዝኩት። አፉን ልፈለቅቅ እጄን ስሰድ ጉሮሮው አንዴ ከፍ ዝቅ አለ። ካልሲው ጠፋ።

የጠራናቸው ሁለት ሾፌሮች ውሻ መሆኑን ሲያዩ ተመለሱ። በመጨረሻ ጎረቤታችን በፒክአፑ አደረሰን። ደግነቱ ብዙ ሰዓት አልሄደም። የእንስሳት ሐኪሙ በመርፌ አስመለሰውና ካልሲው እንዳለ ወጣ። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀን። ከዚህ በፊት ዕቃ ሲይዝ እንዴት ነበር የምታስጥሉት? ነገርነው። እናባርረዋለን፣ እንይዘዋለን፣ አፉን ከፍተን እናወጣለን። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ቡቺ መዋጥን የተማረው ከእኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ ቤት ውስጥም ሞክሬያለሁ። ከከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ከባድ ነው። ሐኪም ሩቅ ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ሌሊት ውሻ የሚጭን መኪና አይገኝም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእኛ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

አፉ እጁ ነው

ቡችላ እጅ የለውም። አንድ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ሲፈልግ አፉ ውስጥ ያስገባዋል። የእኛ ሕፃናትም መዳህ ሲጀምሩ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይሰዳሉ። ልዩነቱ ሕፃኑን እናቱ ታየዋለች፤ ቡችላው ግን ግቢ ውስጥ ብቻውን ይውላል።

ጥርስም አለ። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ ያወጣል። እነዚህ ከአራት ወር ግድም ጀምረው ይወልቃሉ። ስድስትና ሰባት ወር ሲሆነው በምትካቸው 42 ቋሚ ጥርሶች ይበቅላሉ። በነዚህ ወራት ድዱ ያሳክከዋል፣ ያመዋል። ማኘክ ያስታግስለታል። የሚያኘከው ነገር ላይ ትንሽ ደም ብታዩ ወይም የወለቀ ጥርስ ብታገኙ አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ጥርሱን ራሱ ይውጠዋል፤ ምንም አይጎዳውም።

ለምን ካልሲ? ለምን የእናትዬው ሻሽ? እኛን ስለሚሸት ነው። ውሻ ዓለምን የሚያየው በአፍንጫው ነው። ቀኑን ሙሉ እግር ላይ የዋለ ካልሲ ለእሱ የሚወደው ሰው ሽታ የታተመበት ጨርቅ ነው። የሥጋ ቤት ፌስታልም እንዲሁ። ለእኛ ባዶ ፌስታል ነው። ለእሱ ደም የነካው ምግብ ነው። የምጣድ ማሰሻውን ጨርቅ አስቡት፤ ዘይት ጠጥቶ የኖረ ጨርቅ ነው።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ከሆድ ይመጣል። ያልጠገበ ቡችላ የማይበላ ነገር ይበላል። እስከ አራት ወር ግድም በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት አለበት። እኛ ደግሞ ብዙዎቻችን እንደ ትልቅ ውሻ በቀን አንዴ ነው የምንሰጠው። ወስፋትም ሌላው ምክንያት ነው። ቡችላ ወስፋትን ከእናቱ ማሕፀንና ከወተቷ ይወስዳል። ስለዚህ ጤነኛ ቢመስልም የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል። የተለመደው አካሄድ ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወር፣ ከዚያ በየወሩ እስከ ስድስት ወር መስጠት ነው። መጠኑ በክብደቱ ስለሆነ ሐኪም ይንገራችሁ። አፈር፣ ጀሶና ድንጋይ አዘውትሮ የሚልስና የሚበላ ቡችላ ካላችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጋ፣ ከዚያ ወደ ሥልጠና።

አባሮሹን የጀመረው ማን ነው?

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ቡችላው ካልሲ ሲያነሳ የመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል? ቤቱ በሙሉ ይነሳል። ስሙ ይጠራል። ልጆች ይሮጣሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቡችላ በአንድ ጊዜ የቤቱ ንጉሥ ይሆናል። ለእሱ ይህ አባሮሽ ነው። ከአባሮሽ የሚበልጥ ጨዋታ ደግሞ ቡችላ የለውም።

በሚቀጥለው ቀን ምን ያደርጋል? ካልሲ ፈልጎ ያመጣል። እንዲያውም ከፊታችሁ ቆሞ ያሳያችኋል። ዓይን ዓይናችሁን እያየ ሁለት እርምጃ ይሄድና ይቆማል። ተነሱ ማለቱ ነው። ከተነሳችሁ አሸነፈ። የለመደች ጦጣ ሁሌ ሽምጠጣ ይባል የለ? ያስለመድናት እኛ ነን።

ይህ የመስረቁ ታሪክ ነው። የመዋጡ ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ ከዚህም ይከፋል። ቡችላውን በያዝነው ቁጥር መንጋጋውን ፈልቅቀን ያገኘውን ነገር እንነጥቀዋለን። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ነገር ይረዳል። የሰው እጅ ሲመጣ ያለኝ ይወሰዳል። ታዲያ ምን ያድርግ? ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ማጉረምረምና መንከስ ነው። ሁለተኛው እጁ ሳይደርስ መዋጥ ነው። ቀለል ያለ ጠባይ ያለው ቡችላ ሁለተኛውን ይመርጣል። ሊያኝከው ብቻ የያዘውን ካልሲ እኛ ስለመጣን ይውጠዋል።

ይህን ካወቃችሁ ብዙ ነገር ግልጽ ይሆናል። ጩኸት አይጠቅምም። ዱላማ ጭራሽ ያባብሳል። የተመታ ቡችላ መስረቁን አይተውም። ከሶፋ ሥር፣ ከአልጋ ሥር ገብቶ ተደብቆ መስረቅ ይጀምራል። ሲውጥ እንኳን አታዩትም ማለት ነው። ካልሲውን አፍንጫው ላይ እያሹ መምታት ደግሞ ምንም አያስተምረውም። ከግማሽ ሰዓት በፊት የሠራውን ከአሁኑ ዱላ ጋር አያገናኘውም። የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው።

ሲያጉረመርምስ? ማጉረምረሙን አትቅጡት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ዝም ያሰኛችሁት ውሻ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

አሁን በአፉ ይዟል፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቁሙ። የያዘውን እዩ። ሊውጠው የማይችል፣ የማይጎዳው ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ነጠላ ጫማ፣ ዝም በሉት። ዓይናችሁንም አንሱ። አባሮሽ የማይጀመርለት ቡችላ ብዙም ሳይቆይ ይሰለቸዋል። ሲጥለው ቀስ ብላችሁ አንሱት። ቢበላሽስ? ጫማ በገንዘብ ይገዛል።

አደገኛ ነገር ከሆነ ተለዋወጡ። ወደ እሱ አትሂዱ። ወደ ጓዳ ሂዱ። የምግቡን ጣሳ አንቀጫቅጩ። እኛ ቤት የተቀቀለ ሳንባ ጥፍር የሚያክል ተከትፎ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። አንድ እፍኝ ያዙና ከፊቱ ሳይሆን ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ በትኑለት። ለመልቀም መሄድ አለበት። ለመሄድ ደግሞ የያዘውን መጣል አለበት። እሱ እየለቀመ ሳለ እናንተ በእርጋታ ዕቃውን አንሱ። አትንጠቁ፣ አትሩጡ። በአንድ እጃችሁ ዕቃውን ስታነሱ በሌላው ተጨማሪ ሳንባ ጣሉለት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከራከረኛል። ሰርቆ ይሸለማል እንዴ? ጎረቤታችን ጋሼም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ይህ የእሳት አደጋ ሥራ ነው የሚል ነው። ዛሬ ሆዱን ማትረፍ አለብን። ማስተማሩ ደግሞ ዕቃ ባልሰረቀበት ሰዓት፣ በጨዋታ መልክ ነው የሚካሄደው።

ስለ ሳንባው አንድ ነገር ልጨምር። በደንብ ቀቅሉት። በጥሬው አትስጡ። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የትል እጭ ነው። በጥሬው የበላው ውሻ ትሉን ያሳድገዋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል። በበዓል ግቢ ውስጥ ስናርድ ውሻው አጠገብ የምንወረውረው ነገር ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል።

"ልቀቅ" እና "ተው"

ሁለት ቃል ይበቃል። ዋናው ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል መጠቀሙ ነው። አባት "ልቀቅ"፣ እናት "ጣለው"፣ ልጅ "አምጣ" ካሉት ቡችላው አንዱንም አይማርም።

"ልቀቅ"ን እንዲህ አስተማርነው። ቡቺ ብዙም የማይጓጓለትን መጫወቻ ሰጠነው። አፉ ውስጥ እንዳለ ሳንባ አፍንጫው ሥር አስጠጋን። አፉን ሲከፍት፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ "ልቀቅ" አልነው። ሳንባውን በላ። ከዚያ፣ ልብ በሉ፣ መጫወቻውን መለስንለት። ምስጢሩ መመለሱ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የለቀቀው ነገር ከተመለሰለት መልቀቅ ማጣት መሆኑ ይቀራል። እንዲያውም ትርፍ ይሆናል፤ ሳንባም በላ፣ ዕቃውም ተመለሰ። የሰው እጅ ሲመጣ መዋጥ አያስፈልገውም።

በአንድ ጊዜ ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ከሳምንት በኋላ ሳንባውን አፍንጫው ሥር ሳታስጠጉ ቃሉን አስቀድሙ። ሲለቅ ሸልሙ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደሚወደው ዕቃ እለፉ። ካልሲው የመጨረሻው ፈተና ነው፤ መጀመሪያ ላይ በካልሲ አትጀምሩ።

"ተው" ገና ያላነሳውን ነገር እንዲያልፈው ነው። ምግብ በጭብጣችሁ ያዙና አስጠጉት። ይልሳል፣ ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል። ዝም በሉ። የሆነ ሰዓት ላይ አፍንጫውን ያርቃል። ያኔ ከሌላኛው እጃችሁ ሌላ ምግብ ስጡት። የተከለከለውን በፍጹም አትስጡ። ሲገባው "ተው" የሚለውን ቃል ጨምሩ። ከዚያ መዳፋችሁን ከፍታችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ ምግቡን መሬት ላይ አድርጋችሁ በጫማ ሸፍኑ። በመጨረሻ በገመድ ይዛችሁ ግቢ ውስጥ በቆርኪና በአጥንት አጠገብ አሳልፉት።

አንድ ሦስተኛ ልማድም አለ፤ ቃል የለውም። ቡችላው ራሱ ዕቃ ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ። ስልካችሁን ይዞ ቢመጣ እንኳን። "ጎበዝ" በሉት፣ ተለዋወጡ። ይዞላችሁ የሚመጣ ውሻ ይዞባችሁ አይሸሽም። እኔ ለዚህ ልማድ ከሁለቱ ቃላት የበለጠ ቦታ እሰጣለሁ። ግቢያችን ሰፊ ነው፤ ዓይናችን ሁሉ ቦታ አይደርስም። ያገኘውን ራሱ ካመጣልን ግን ዓይን ሆነልን ማለት ነው።

ልጆችን ሳታስተምሩ ቡችላ ማስተማር አይቻልም። ልጆቻችን ቡቺ ዕቃ ሲይዝ እንደ ምሰሶ መቆምና "እማዬ፣ ቡቺ ይዟል!" ብሎ መጥራት ተማሩ። መሮጥ የለም። እጅ አፉ ውስጥ መክተት የለም። ትንሹ ልጄ ይህን ለመልመድ ከቡቺ የበለጠ ጊዜ ወሰደበት።

ቤቱን በእሱ ቁመት እዩት

ሥልጠና ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ዕቃውን ማንሳት ነው። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቤቱን ከዚያ እዩት። በር ላይ የተደረደረው ጫማ፣ ውስጡ የተጠቀለለው ካልሲ፣ ከሶፋ ሥር የገባው የፀጉር ላስቲክ፣ የተንጠለጠለው የቻርጀር ገመድ፣ የነጠላው ዘርፍ። የቆሻሻ መጣያው ክዳን የሚገጥም ይሁን። ዳይፐርና ሞዴስ ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ሆድ ውስጥም እንዲሁ።

ግቢው ከቤቱ ይብሳል። ግንባታ ያለበት ሰፈር ሚስማር፣ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭና ስፖንጅ ሞልቶታል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ የማዳበሪያ ክር ነው። ሲባጎውም እንዲሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ረጅም ክር ሲዋጥ አንዱ ጫፉ ጨጓራ ላይ ይያዛል። ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀት ያገኘውን ወደፊት መግፋት ሥራው ነው። ክሩ ግን አይሄድም። ስለዚህ አንጀቱ ራሱ በክሩ ላይ ይሰበሰባል፤ የቁምጣ ገመድ ሲጎተት ጨርቁ እንደሚሸበሸበው። ከዚያ ክሩ እንደ መጋዝ አንጀቱን ይቆርጠዋል። ክር በአፉ ወይም በመቀመጫው በኩል ብቅ ብሎ ብታዩ በፍጹም አትጎትቱ። የምትጎትቱት አንጀቱን ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ በቆሎ አለ። ጥብስ በልተን ቆረቆንዳውን አጥር ሥር እንወረውራለን። ቆረቆንዳ በውሻ ሆድ አይፈጭም። ቡችላ በቁራጭ ሲውጠው ልክ እንደ ቡሽ አንጀቱን ይወትፈዋል። የማንጎና የአቮካዶ ፍሬም ተመሳሳይ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ስለቱ ይወጋል።

መርዝ የሆኑትም አሉ። ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ስለዚህ የዶሮ ወጥ የነካው ፍርፋሪ እንጀራ ለቡችላ ጥሩ ምግብ አይደለም። ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል። ቸኮሌትና የቡና አተላ ልብና ነርቭ ይነካሉ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ የደም ስኳሩን በድንገት ይጥለዋል። የጉሎ ፍሬ ያለበት ቤት ከፍ አድርጎ ያስቀምጠው፤ የታኘከ ጉሎ ይገድላል። የሪሞትና የሰዓት ባትሪ በአጭር ጊዜ ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል። የአይጥ መርዝ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ምልክቱ የሚታየው ከተበላ ከቀናት በኋላ ነው። ዛሬ ደህና ስለሆነ ደህና ነው አትበሉ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።

የሚያኘከው ነገር ከነፈጋችሁት ራሱ ይፈልጋል። ካሮት ስጡት፤ ፍሪጅ ካላችሁ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ድዱን ያበርድለታል። መጫወቻ ስትመርጡ አፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የማይገባ ይሁን። በጥፍራችሁ ስትጫኑት ትንሽ መግባት አለበት፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ጥርስ ይሰብራል። አሮጌ ካልሲ ቋጥራችሁ መጫወቻ አታድርጉለት። የቱ አሮጌ የቱ አዲስ እንደሆነ ሊለይ አይችልም።

ሥራ ስጡት። ከምግቡ ጥቂቱን ሣር ላይ በትኑና በአፍንጫው ይፈልግ። አሥር ደቂቃ ማሽተት በጣም ያደክመዋል። እንቅልፍም አትንፈጉት። ቡችላ በቀን 18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ልጆች ሲቀሰቅሱት የዋለ ቡችላ ማታ ላይ ያብዳል፤ ስርቆቱም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ማየት በማትችሉበት ሰዓት ጥላ ያለበት፣ ውሃና የሚያኘክ ነገር ያለበት ትንሽ አጥር ውስጥ ይቆይ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሥራ ያጣ ቡችላ ሲፈታ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያነሳው።

ከዋጠ በኋላ

ሰዓቱን ያዙ። ምን እንደዋጠ፣ ምን ያህል እንደሆነ አስታውሱ። ለሐኪም ወዲያው ደውሉ። ዕቃው ጨጓራ ውስጥ ሳለ፣ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት፣ ሐኪም አስመልሶ ሊያወጣው ይችል ይሆናል። ካለፈ ግን ወይ ራሱ ይወጣል ወይ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ አታስመልሱት። ጨው አታጠጡት፤ ጨው ራሱ መርዝ ይሆናል። ስለታም ነገር ሲመለስ ጉሮሮ ይቀድዳል። በረኪናና ባትሪ ሲመለሱ ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላሉ። ወተትም መርዝ አያከሽፍም። ዘይት አፉ ውስጥ ስታፈሱበት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ምልክቶቹን እወቁ። ደጋግሞ ያስመልሳል፣ የጠጣውን ውሃ ሳይቀር። ምግብ እምቢ ይላል። ይተኛል፣ ይደበታል። ሆዱ ሲነካ ይሸሻል ወይም ያለቅሳል። ፊቱን ዝቅ፣ ኋላውን ከፍ አድርጎ እንደሚሰግድ ሆኖ ይቆማል። ያምጣል፣ ግን አይወጣለትም። እነዚህ በሰዓታትም፣ ከቀናት በኋላም ሊመጡ ይችላሉ። ራጅ ብረትና አጥንት ያሳያል፤ ጨርቅና ፌስታል ግን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ "ካልሲ ጎድሏል" የምትሉት ቃል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ላላችሁ በልቦናችሁ ያዙት። ውሻ የሚጭን ሾፌር ስልክም ዛሬውኑ ፈልጋችሁ መዝግቡ። ያን ምሽት እኛን ያስጨነቀን እሱ ነበር።

አየር ካጠረው፣ ምላሱ ከጠቆረ፣ መጠበቅ የለም። ትንሽ ቡችላ ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘቅዝቁና በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ አራት አምስቴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ወደ ሐኪም እየሄዳችሁም ቢሆን።

አሁን የምለውን ግን በጥሞና ስሙኝ። አፉ አልገጠም ያለ፣ ለሐጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተቀየረ ውሻ ስታዩ "አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ። በተለይ ካልተከተበ። የእብድ ውሻ በሽታ ልክ እንደዚህ ነው የሚመስለው። እንጨት፣ ድንጋይና አፈር መብላትም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ቡችላ ካለ ለብቻው ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። ነክሷችሁ ወይም ለሐጩ ቁስል ነክቶ ከሆነ ቦታውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቡችላውን ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡ፤ በየዓመቱ ድገሙ። ይህን ሳያደርጉ በአፉ ዙሪያ ሥልጠና መጀመር ራሱ ልክ አይመስለኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስምንት ዘጠኝ ወር ላይ የተማረውን ሁሉ የረሳ ይመስላል። ጎረምሳ ሆኗል። ቡቺም ሁለት ሳምንት ሙሉ "ልቀቅ" ሲባል ዞር ብሎ አላየንም። ወደ መጀመሪያው ተመለስን፤ ቀላል መጫወቻ፣ ሳንባ፣ ሦስት ደቂቃ።

አሁን 11 ወሩ ነው። ትናንት ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ከጀርባዬ መጥቶ ቁጭ አለ። በአፉ የማዳበሪያ ቁራጭ ይዟል፤ ክሩ እስከ ደረቱ ተንጠልጥሏል። ልቤ ድንግጥ አለ። ግን አልተንቀሳቀስኩም። "ልቀቅ" አልኩት። እግሬ ሥር አስቀመጠው። ኪሴ ውስጥ ከነበረው ሳንባ ሦስት ቁራጭ በላ። ማዳበሪያውን ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩና ክዳኑን ገጠምኩት።